ሽማግሌ ያስላከ ዘፈን

«በማይክ ነው እኮ። በማይክ። የኔን ልጅ ‹ቤቴ አንቺ ጋ ነው› ብሎ ለአዘዞ ሕዝብ ሁሉ በማይክ ነግሮ፣ ሰኞ ጧት እንደ ማንም ሰው ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ሽማግሌ የለ፣ ወሬ የለ። ምነው፣ እኛ ሰው አይደለንም?»

እንዲህ የሚሉት እትዬ የትነበርሽ ናቸው። የሚናገሩት እኔ ግቢ ቆመው ነው፤ የሚቆጡትም እኔን ነው፣ ማይኩ የኔ ስለሆነ። እኔ አዘዞ ላይ ወንበር፣ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ሠርግ ሲሆን እኔ ጋ፣ ለቅሶ ሲሆን እኔ ጋ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተለያይተን ወንበር ያዝኩ፤ አልተቆጨሁም፣ ወንበር ፈተና የለውም።

«እትዬ፣ ድራማ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ድራማ ይሁን። ልጁ ሲዘፍን አልቅሷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ድራማ ላይማ ይለቀሳል።»

«አንተ እንዳልካቸው፣ ልጁ ዲያቆን ነው። ዲያቆን አይዋሽም።»

ዞር ስል ሰውአገኝን አየሁት። ከግቢው ጥግ፣ የተቀደደ ስፒከር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሽቦ ይበይዳል። እሳቸው ይህን ሁሉ ሲያወርዱ ቀና አላለም። መበየጃው ግን ሽቦው ላይ አልነበረም፤ ሱሪውን እያቃጠለ ነበር።

የማወራችሁ ስለሱ ነው። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰውአገኝን የሚያውቀው የለም።

ሰውአገኝ ከጭልጋ ነው የመጣው፣ ዘጠነኛ ክፍል ሊማር። እናቱ አዜብ ሌላ ባል አግብታለች። የእንጀራ አባቱ ክፉ ሰው አይደለም፣ አልመታውም፣ አላስራበውም። ስሙን ብቻ አይጠራውም፤ «ያ ልጅ» ነው የሚለው። ሰው ስሙ ከማይጠራበት ቤት ቀስ እያለ ይወጣል፤ እሱም ወጣ። ማራኪ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። ማራኪ ለብቸኛ ሰው ይመቻል፣ ተማሪው ሁሉ መጥቶ ሂያጅ ነው፤ ጎረቤትህን ለምደኸው ሳትጨርስ ተመርቆ ይሄዳል። ከተመረቁት አንዱ ሁለት ክር ብቻ የቀረው የኤሌክትሪክ ጊታር ትቶለት ሄደ። ሰውአገኝ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ፈትቶ፣ ከቀጫጭኑ ሽቦ የጎደለውን ክር ሠራ። ድምፁ ምጣድ ላይ የወደቀ ድመት ይመስል ነበር። «ሮክ የሚባለው ይኸው ነው» አለኝ። አመንኩት፤ የማውቀው ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ እኔ ጋ እየመጣ ስፒከር ይጠግናል። አንድ ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ ያስባል፣ ከዚያ ይተወዋል።

ዘፋኙ ፍቅረ ማርያም የድብ ባሕር ልጅ ነው። አባቱ አያ አላምረው ገብስ ያርሳሉ። ልጁ ከሕፃንነቱ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ዲያቆን ነው፣ ድምፁ ሸጋ ነው። የኔ ሚስት ሳትቀር ቅዳሴ ማርፈድ የተወችው በሱ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ከሰውአገኝ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከዚያ በኋላ የለያያቸው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈተኑ ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

በኛ አገር ሁለት ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ፒያሳን ቀኑን ሙሉ ቢዞር ማንም ቀና ብሎ አያይም። ከሴት ልጅ ጋር ቢሆን ዙሩን ሳይጨርሱ አክስቷ ሰምታለች። ስለዚህ እነሱ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ዓለም ሁሉ ያያቸው ነበር፤ ያወቀም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውአገኝ ፍቅረ ማርያምን ይወደው ነበር። እንደ ጓደኛ አይደለም፤ ሰው ሊያገባት የሚፈልጋትን ሴት እንደሚወደው ነው። ለዚህ ነገር አገራችን ስም አላት፤ ስሙ ስድብ ነው፣ ከስድቡ ቀጥሎ ዱላ አለ፣ ዱላውን ካለፈ እስር ቤት። እኔ እንግዲህ ስም ሳልሰጠው ላውራችሁ።

ያን ክረምት ፈተናው አልቆ ውጤት ይጠበቃል። ኢንተርኔት የለም፣ ማታ መንቀሳቀስ የለም፣ ወጣቱ ግድግዳ እያየ ነው። ሁለቱ የኔን መጋዘን ለመኑኝና ድራማ መሥራት ጀመሩ፣ ዘፈን ያለበት ድራማ። ተዋናዩ ሁለት፣ ጊታር አንድ፣ ከበሮው ቢጫ ጀሪካን። ታሪኩን የጻፈው ሰውአገኝ ነው። ሁለት ልጆች ታክሲ ፌርማታ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ከተሜ፣ አንዱ ከደጋ የመጣ። ታክሲ ይመጣል፣ አይገቡም። ሌላ ይመጣል፣ አይገቡም። አንዱ «ሞልቷል» ይላል፣ አንዱ «የረዳቱ ፊት አላማረኝም» ይላል። መጨረሻ ላይ ፌርማታው ባዶ ይሆናል፣ እነሱ ቆመዋል። አለቀ።

«ምነው አይሳፈሩም?» አልኩት።

«ከተሳፈሩ ይለያያላ» አለኝ።

እኔ እንግዲህ ወንበር አከራይ ነኝ፤ የተቀመጠ ሰው ነው የሚገባኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቼ ሽቦ ስቀጥል መብራት ጠፋ። ጊታሩ በመካከሉ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ ትንሽ ብርሃን ይገባል። ፍቅረ ማርያም «አዲስ አለ፣ የመጨረሻ የሚሆን» አለና ያለ ጊታር፣ ያለ ጀሪካን፣ ቀስ ብሎ ጀመረ። ዜማው የቤተ ክርስቲያን አራራይ ነበር፤ ያ የሚያባባው።

ይለፍ ይሄ ታክሲ፣ ይለፍ የሚቀጥለው፣
ቤቴ አይደለም ቤቴ፣ አንተ ጋ ነው ያለው።

ሲጨርስ ሰውአገኝ «መቼ ሠራኸው?» አለ።

«ትላንት። ከቅዳሴ ስመለስ።»

«ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል?»

ፍቅረ ማርያም እጁን ዘርግቶ የሰውአገኝን ማጅራት ያዘው፣ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አስጠጋ። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፤ ብወርድ ይንቋቋል፣ ባልወርድ እጄ ደንዝዟል። ያን ጊዜ መብራት መጣ፣ ጊታሩም ብቻውን ጮኸ። ሁለቱም ተፈናጥረው ተለያዩ፣ ሰውአገኝ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ እንደ ወረቀት ሆኗል።

«ሽቦው ተሠርቷል» አልኩት።

«እሺ» አለ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ ተነጋግረን አናውቅም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳላዘው ቡና ይዞልኝ ይመጣ ጀመር፤ እኔም ቡና ስለምወድ አልከለከልኩትም።

ለሕዝብ የምናሳይበትን የከተማ አዳራሽ የሚፈቅዱ ሰዎች መጀመሪያ ድራማውን ማየት አለባቸው። መጥተው አዩ። ከመካከላቸው መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ ትዕግስት የምትባል፣ ሸጋ ሰው ናት፣ አሰበች አሰበችና «ዘፈኑ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ወንድ ታክሲ ሲጠብቅ ይኼ ሁሉ ዘፈን ምን ያደርጋል? ሴት ልጅ አስገቡበት፣ ፍቅር ይሁን» አለች።

ፍቅረ ማርያም መሬት አየ። ሰውአገኝ «እሺ» አለ። የራሱን ቦታ በራሱ አፍ ሰጠ።

ሴቷ ዝናሽ ሆነች። ዝናሽ የእትዬ የትነበርሽ የወንድም ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሞተው እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። የሀበሻ ልብስ ትሰፋለች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሳቋ ከስፌት መኪናዋ ይበልጣል። የመጀመሪያ ቀን መጋዘን ገብታ ፍቅረ ማርያምን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባ፣ ከኔ ጋር ታክሲ ስትጠብቅ ማዕጠንት ትይዛለህ?»

«ካስቸገርሽኝ አጥንሻለሁ» አላት።

ሳቀች፣ ሳቀ። ሰውአገኝ ጊታሩን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ጀሪካኑ ሄደ። ዘፈኑ ላይ «አንተ» የነበረው እሷ ሳትሰማው «አንቺ» ሆነ፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። እሷ ጎበዝ ነበረች፣ ሐሰት አይወጣኝም። በቀረው ጊዜ ሰውአገኝ ከጀርባቸው ሆኖ የሰው ጀርባ ሲያይ ከረመ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ታየ። ወንበሬ ሁሉ ሞላ። ፍቅረ ማርያም የመጨረሻውን ዘፈን ሲዘፍን ዝናሽን አየ፤ እንባው ወረደ፣ አዳራሹም አብሮት አለቀሰ። እኔ የድምፅ ማሽኑ ጋ ከጎን ነበርኩና ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ አልፎ ጊታሩ ጋ እንደሚሄድ ይታየኛል። ከፊት ለተቀመጠ ግን እሷን ነው የሚያየው። ከፊት ከተቀመጡት አንዷ እትዬ የትነበርሽ፣ አንዱ ደግሞ ገብስ ሸጠው ልጃቸውን ሊያዩ የቆዩት አያ አላምረው ነበሩ።

እንግዲህ ሰኞ የሆነውን ሰምታችኋል። እትዬ የትነበርሽ እኔን ተቆጥተው ሳይበቃቸው አያ አላምረው ያደሩበት ቤት ሄዱ። አያ አላምረው ይቅርታ ይጠይቃሉ ብለው ነበር። አያ አላምረው ግን ደስ አላቸው። ዲያቆን ቄስ የሚሆነው አግብቶ ነው፤ የድብ ባሕር ደብር ቄስ ጎድሎታል፤ ልጃቸው ደግሞ ሴት የሚባል ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። «ተመስገን» አሉ። «እኔ ገዳም ሊገባብኝ ነው ብዬ ነበር።» የክሱ ነገር በዚያው ሠርግ ሆነ። ሽማግሌ ተመረጠ። አያ ትዕዛዙ የሚባሉ ነገር አዋቂ፣ አንድ ቄስ፣ ሦስተኛው እኔ። «ነገሩ በማይክህ የመጣ ነው፣ በእግርህ ጨርሰው» ተባልኩ።

ለሽምግልና ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሁለቱን ልጆች መጋዘን አገኘኋቸው። ወንበር እየቆለሉ ነበር፤ እኔን አይተው ማውራት አላቆሙም።

«እምቢ በላቸዋ» ይላል ሰውአገኝ።

«እምቢ ስል አባቴ ‹ታዲያ ያለቀስከው ለማን ነው› ይለኛል። ምን ልበል?»

«ለማንም አይደለም በል።»

«ለአንድ ሰው ነበራ።»

ሰውአገኝ ወንበር አስቀመጠ። «እሷስ? እሷን ምን ታደርጋታለህ?»

«ትስቃለች። ከሷ ጋር አይከፋኝም። የማደርገውን አላውቅም፣ ሰውአገኝ። አንተ ንገረኝ። ያልከኝን እሆናለሁ።»

«እኔ ምን አልኩህ?»

«እስካሁን ምንም። እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

ሰውአገኝ ሁለት ጊዜ አሰበ። ሌላ ወንበር አነሳ።

ሽማግሌ የተላከ ቀን ሁለቱ ከእትዬ የትነበርሽ ቤት ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ማዶ ያለ ምግብ ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አያ አላምረው ደጅ ላይ ሚኒባስ ይዘው ቆመዋል፤ እሺ ከተባለ ልጁን ይዘው ድብ ባሕር ለእናቱ ሊነግሩ። እኛ ገባን። «ተቀመጡ» ተባልን። አያ ትዕዛዙ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ግን ወግ ነው። ልጃችሁን ለልጃችን አልን። እትዬ የትነበርሽ ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሲጠብቁ ከርመው «እስቲ እናስብበት» አሉ፤ ይኼም ወግ ነው። ቀጥሎ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና እንዳይገኝ። አያ ትዕዛዙ አምስተኛው አያት ላይ ስም ጠፋባቸውና አንድ ስም ፈጠሩ። ማንም አላወቀባቸውም።

ሊጨረስ ሲል ዝናሽ ከጓዳ ወጣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ግቢ» አሉ አክስቷ።

«የማገባው እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ።» ወደኛ ዞረች። «ድራማው የተጻፈ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። የመጨረሻውን ዘፈን ግን ፍቅረ ማርያም ራሱ ነው የሠራው። የተሠራው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው ወይስ ከመጣሁ በኋላ? ከመጣሁ በኋላ ከሆነ የኔ ነው፣ ደስ ብሎኝ እሺ እላለሁ። ቀድሞ ከነበረ የሌላ ሰው ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ አልለብስም።»

«ማን ያውቃል ይኼን?» አሉ ቄሱ።

«ሰውአገኝ ያውቃል። ከመጀመሪያው የነበረው እሱ ነው። ይጠራ።»

እኔም አውቅ ነበር። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም እጄን አላወጣሁም።

ተጠራ። አስፋልቱን ተሻግሮ ገባ፣ በሩ ላይ ቆመ። አያ ትዕዛዙ «ልጄ፣ ምስክር ነህ፣ በእውነት ተናገር» አሉትና ጥያቄውን ነገሩት። ውጭ አንድ ረዳት «ማራኪ፣ ማራኪ፣ ፒያሳ» እያለ ይጣራል።

ልጁ ሲያስብ አየሁት። «በፊት ነው» ቢል ሠርጉ እዚያው ይቀራል። ጓደኛው ለጊዜውም ቢሆን ከሱ ጋር ይቀራል። ግን ይኼ ሁሉ ሰው «ታዲያ ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ሰው የነገሩን ስር ይፈልጋል፣ መጋዘኔ ድረስ ይመጣል፣ ሁለት ልጆች ብቻቸውን ሲዘፍኑ ይከርሙ ነበር ይባላል። ዲያቆኑ ምን እንደሚደረግ እሱም እኔም እናውቃለን።

«ከመጣሽ በኋላ ነው» አለ።

ዝናሽ ቀረብ አለችው። «እኔን እያየህ በል።»

አያት። «ከመጣሽ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን፣ አጥንሻለሁ ሲልሽ ሳቅሽ አይደል? ማታ ሄዶ ሠራው። ጧት አምጥቶ ዘፈነልኝ። ‹ለማን ነው› አልኩት፤ ‹ለማን ይሆናል› አለኝ።»

እንዲህ ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ዝናሽ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እውነት ለመናገር አማረባት። እትዬ የትነበርሽ እልልታውን ለቀቁት፣ አያ አላምረው ከደጅ ሰምተው እየሮጡ ገቡ፣ የሁላችንንም ጉልበት ሊስሙ አጎነበሱ። ሰውአገኝ ጋ ሲደርሱ አቀፉት።

«አንደኛ ሚዜው አንተ ነህ፣ የኔ ልጅ። ከወንድም ትበልጣለህ።»

«እሺ፣ አያ» አለ።

ስንወጣ ፍቅረ ማርያምን ከምግብ ቤቱ ጠርተውት ሚኒባሱ ውስጥ አስገብተውታል። መስኮቱን ከፈተ። ሰውአገኝ ሄዶ ከሥሩ ቆመ።

«ምን አልካቸው?»

«ከመጣች በኋላ ነው አልኩ።»

ፍቅረ ማርያም ከንፈሩን ነከሰ። «እሺ» አለ። እጁን በመስኮት አወጣ፣ ሰውአገኝ ያዘው። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ማንም ምንም አላሰበም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ «ጓደኛ እንዲህ ነው» አለች። መኪናው ሲነቃነቅ ሁለት ሦስት እርምጃ አብሮት ሄደ፣ ከዚያ መኪናው ፈጠነ። «ቦታ የለም ወይ፣ እሱንም ውሰዱት» ያለ ነበር። ሞልቷል ተባለ።

ሰውአገኝ መንገዱን ተሻግሮ ምግብ ቤቱ ገባ፣ የነበረበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ራቅ ብዬ ሌላ ጠረጴዛ ያዝኩ። እሱ ፊት ለፊት ባለችው ባዶ ወንበር በኩል ውጭውን ያያል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አምቦ አለ። አንዱ ተጠጥቷል፤ የፍቅረ ማርያም ነው። ሌላው እንዳለ ነው፣ ቆርኪው አልተነካም፤ ሊከፍቱለት ሲሉ ነው የተጠራው።

ብዙ ቆየ። ምሳ የሚበላው ሰው መጥቶ ሄደ። ሁለት ሰዎች «ይኼ ወንበር ሰው አለው?» አሉት፤ «የለውም» አለ፤ ወሰዱት።

አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ መጣች። ልጅ ናት፣ ቸር ትመስላለች።

«ያንተ አልተከፈተም። ልመልሰው? አላስበውም።»

ሰውአገኝ ጠርሙሱን አየ፣ የተጠጣውንም አየ።

«አስቢው» አለ። ለሁለቱም ከፈለ።